ችግኝ መንቀያው ሞተርና የእናታችን ኮሶ

ከሮቤ እስከ ገሰራ በተዘረጋው የስንዴ ማሳ ላይ ኮምባይነር ሲቆም ማን እንደሚጠራ የማያውቅ ገበሬ የለም። የሚጠራው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት የገባሁት በሩን ለመበየድ ነው እንጂ ለመማር አይደለም። ፊደል የለየሁት በዘይት በጨቀዩ የመለዋወጫ ካርቶኖች ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት ማንም ሳያስተምረኝ ነው። የተማሩ መካኒኮች ክዳኑን ከፍተው፣ አይተው፣ መልሰው የዘጉትን ሞተር አስነስቻለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት ነው። የሚያኮራ ሥራ የሠራ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቢሄድ ማንን ይጠቅማል?

ከሠራሁት ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል ግን ኮምባይነር አልመርጥም። የምመርጠው ችግኝ መንቀያዬን ነው። በትልቅ ዛፍ ሥሮች መካከል የበቀለን ችግኝ ሥሩ ሳይላላ፣ አፈሩ ሳይፈርስ የሚያወጣ የሞተር መሣሪያ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከውጭ የሚመጣ ይመስለዋል። እኔ ግን ከተጣለ የሞተር መጋዝና ከወላለቀ ኮምባይነር አበጀሁት። ዛሬ ሮቤ ጋራዤ ግድግዳ ላይ ጥርሱ ወልቆ ተሰቅሏል። ጥርሱን ያወለቅሁት እኔው ነኝ። ለምን እንዳወለቅሁት ሌሎች ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ሁሉም አበላሽተው ነው የሚያወሩት። ስለዚህ ራሴ ልጻፈው።

የአባታችን ቤት ከጎባ በላይ፣ ወደ ሰነቴ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ አንዲት ትልቅ ኮሶ ነበረች። ኮሶ ወንዴና ሴቴ አለው። ቀዩን አበባ እንደ ዘለላ የምታንጠለጥለውና ዘር የምትጥለው ሴቴዋ ናት፤ የእኛዋም ሴቴ ነበረች። በዚያ ሰፈር የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ሌሎቹ ጣውላ ሆነው ካለቁ ቆይተዋል። እናታችን በወለደች ቁጥር የልጇን እትብት የምትቀብረው በዚያች ዛፍ ሥር ነበር። የእኔም የታናሽ ወንድሜም እትብት እዚያ ነው። ከእናታችን ልጆች በሕይወት የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። እናታችን ዛፏን በኦሮምኛ «ሄጦ ኮ» ትላት ነበር፤ የእኔ ኮሶ ማለቷ ነው። ከብት ቢታከክባት እንኳ ትቆጣ ነበር።

እኔ ወደ ሞተር ሄድኩ፣ ቤቴንም ጎባ ሠራሁ። ወንድሜ ከአባታችን ቤት ሳይወጣ ቀረ፤ መሬቱም ዛፏም በእጁ ቀሩ። ኋላ ላይ አሮጌውን ቤት አፍርሶ በቆርቆሮ አዲስ ቤት ሠራ። ሲሠራው ወደ ዛፏ በጣም አስጠጋው። እንዳያስጠጋ ነግሬው ነበር፤ የሚሰማኝ መካኒክ ሲፈልግ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ግንቦት ላይ ጋራዤ መጣ። በእኛ ቤት ታላቅ ወንድም «ኦቦ» ነው የሚባለው።

«ኦቦ፣» አለኝ፣ «ሄጦዋን ልጥላት ነው።»

«ለምን?»

«ወደ ቆርቆሮው ዘማለች። አንድ ቀን ነፋስ ይጥላትና ከነቤቴ ትጨፈልቀኛለች።»

«እሷ ናት ወደ ቤትህ የሄደችው ወይስ አንተ ነህ ወደ እሷ የሄድከው?»

«አንተ ጎባ ተኝተህ፣ ሮቤ ውለህ ዛፍ ትወዳለህ። ቅጠሏን የምጠርገው እኔ ነኝ።»

የኮሶ ጣውላ ቀይ ነው፣ ሲላግ ያምራል፤ የጎባ አናጢዎች አጥብቀው ይፈልጉታል። ይህን እሱ አልተናገረም። እኔም አላነሳሁበትም። ልመና አልለመደብኝም፤ ያን ቀን ግን ለመንኩት። ዝናቡ እስኪያልፍ ጠብቀኝ፣ ሥሯ ያሉትን ችግኞች ላውጣ፣ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን አልኩት።

ሳቀ። «ችግኞቹን? እናታችን ያልቻለችውን?»

እውነቱን ነው፤ እናታችን አልቻለችም ነበር። ኮሶዋ ከላይ ጫካው ውስጥ ካሉ ወንዴዎች በነፋስ እየተዳቀለች በየዓመቱ ዘር ትጥላለች፤ ሜዳ ላይ የበቀለውን ከብትና በግ ይጨርሰዋል። የሚተርፉት በእሷው ሥሮች መካከል የሚበቅሉት ናቸው። እንደ በሬ ቀንድ ከመሬት የወጡ ሥሮች አጥር ይሆኑላቸዋል። ችግሩ ያ አጥር ለዶማም አጥር መሆኑ ነው። ዶማ ስታሳርፍ ወይ የእናቲቱን ሥር ትመታለህ፣ ወይ የችግኙን ዋና ሥር ትበጥሳለህ። በእጅ እንዳትጎለጉለው ሥሩ ከትልቁ ሥር በታች ገብቶ ተጠምጥሟል። እናታችን በስተርጅናዋ ተንበርክካ በቢላዋ ሞክራ ነበር። አንዱም አልጸደቀላትም። ወንድሜ ያን ያስታውሳል፤ ስለዚህ እስከ ዝናቡ ማብቂያ ጠብቅ ስለው የሚከስረው ነገር ያለ አልመሰለውም።

«እሺ፣» አለኝ፣ «ሞክር። ሲያቅትህ መጥረቢያውን አብረን እናነሳለን።»

ሲያቅትህ አለኝ። ለእኔ።

መጀመሪያ የሠራሁት የሚዞር ነበር። ከኮምባይነር የእህል ቱቦ ቆርጬ፣ ጫፉ ላይ ከማጨጃ ምላጭ ጥርስ በየድኩበት፣ ከሞተር መጋዝ ከወጣው ሞተር ጋር አጋጠምኩት። ጎባ ቤቴ ጓሮ ባለው ባሕር ዛፍ ሥር በበቀለ ችግኝ ላይ ሞከርኩት። ዞረ፣ ሥር ቆረጠ፣ ግን ቀጫጭኑን ሥር እንደ ክር እየጠቀለለ አፈሩን በታተነው። ችግኙ ላባው እንደተነጨ ዶሮ ራቁቱን ወጣ።

ባለቤቴ በመስኮት እያየች፣ «ይሄንንማ ዶማም ያደርገዋል፤ ያውም ሳይጮህ፣» አለች።

ሞተሩን አጥፍቼ ቱቦውን ፈታሁት። ሰው መልስ ሳይኖረው ሲናገር አልወድም።

መልሱን ያገኘሁት ገሰራ አካባቢ ማሳ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ነው። የአንድ ገበሬ ኮምባይነር ማጨጃው ነክሶ ቆሞ ነበር። ምላጩን ፈትቼ ስገጥም፣ ዕድሜዬን ሙሉ የማየውን ነገር እንደ አዲስ አየሁት። የኮምባይነር ማጨጃ አይዞርም። ይመላለሳል። ወደ ቀኝ ሄዶ ወደ ግራ ይመለሳል፤ ለዚህ ነው ገለባ የማይጠመጠምበት። ከማሳው በቀጥታ ወደ ጋራዤ ሄድኩ። ቱቦውን እንዲዞር ሳይሆን እንዲወዛወዝ አደረግሁት፤ ሰው ቁልፍ እንደሚሞክር ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ በጣም በፍጥነት። ቱቦውን ለሁለት ሰንጥቄ በማጠፊያ አያያዝኩት። ችግኙን ከጎን አቅፎ ይዘጋል፤ ከወጣ በኋላ ተከፍቶ ይለቀዋል። ቀጭን ሥር ሲያገኝ ይቆርጣል፤ ወፍራም ሥር ሲያገኝ ይቆምና ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ከፍ አድርገህ ቦታ ትቀይራለህ። እጅህ ላይ ይነግርሃል።

ከዩኒቨርሲቲው መኪናውን ሊያሠራ የመጣ አንድ መምህር ዙሪያውን እየዞረ አየውና፣ «አባባ፣ ይህን ከየት ነው የኮረጁት?» አለኝ።

«ከስንዴ፣» አልኩት።

ያልገባው ይመስለኛል። ገባኝ ግን አለ።

ሐምሌ ላይ መሣሪያውን በጭነት መኪና ጭኜ ወጣሁ። ጉም ወርዶ ነበር፣ መሬቱ ረጥቧል፤ ችግኝ የሚነቀለው እንዲህ ባለ ቀን ነው። ወንድሜ በረንዳው ላይ ሆኖ ጠበቀኝ።

«ኦቦ፣ ልታርሳት ነው ወይስ ልታዋልዳት?»

«ላዋልዳት ነው። አንተ ዳር ቁም።»

ሞተሩን ስጎትተው ጮኸ። ሚስቱ ከቤት ወጣች። «እርስዎ ደግሞ፣ ላሞቹ በረገጉ እኮ። አዋላጅ እንዲህ ይጮሃል እንዴ?»

«የሚጮኸው ሞተሩ ነው፤ እኔ ዝም ብያለሁ፣» አልኳት።

መጀመሪያ ላይ የሰካሁበት ቦታ ከአፈሩ ሥር የእናቲቱ ወፍራም ሥር ነበረበት። መሣሪያው ቆመና ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ እጁን አጨበጨበ። «ሞተርህ ጠገበ፣ ውሃ ስጠው።» አነሳሁት፣ አንድ መዳፍ ያህል ወደ ጎን አሸሸሁት፣ እንደገና ሰካሁት። ገባ። ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላዋ ገባ። ሲከፈት አንድ ኮሶ ከነአፈሩ፣ ክብ ሆኖ፣ ቅጠሉ እንኳ ሳይጠወልግ ቆሞ ነበር። የተቆረጡት የሥር ጫፎች በአፈሩ ዙሪያ እንደተላጨ ጺም ይታያሉ።

ወንድሜ ከበረንዳው ወረደ። አፈሩን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አዞረው። «ማሻአላህ፣» አለ። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ «ኦቦ፣ አንተ ሰው አይደለህም፣» አለኝ።

ከልጅነታችን ጀምሮ ከዚህ ሰው አፍ ምስጋና ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደስ እንዳለኝ አልክድም። ለሠራሁት የሚገባ ምስጋና ነበር።

ለጓሮዬ የሚበቃኝን አወጣሁ። ለዘር ብዬ ትንንሾቹን በቦታቸው ተውኩ። የአፈሩን ድቡልቡል የምንጠቀልለው በማዳበሪያ ጆንያ ቁራጭ ነው፤ በእኛ የስንዴ አገር የማዳበሪያ ጆንያ የማይገባበት ሥራ የለም። ጆንያው ፕላስቲክ ነውና አይበሰብስም፤ ስትተክል ፈትተህ ትጥለዋለህ። ይህን ለወንድሜ እያሳየሁት ነገርኩት።

ሚስቱ ጩኮ አቀረበችልን፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፣ እጄ በዘይት ስለጨቀየ በማንኪያ በላሁ። ወንድሜ እየበላ ዓይኑን ከመሣሪያው ላይ አላነሳም።

«ኦቦ፣ ይሄ ነገር እዚህ ይቅር።»

«ምን ትሠራበታለህ?»

«በገብሱ ማሳ ዳር ጽድ፣ ጋራምባ፣ ሌላም የደጋ ዛፍ ልትከልበት። ከላይ ጫካው ዳር ስንት ችግኝ አለ። አንተ ሌላ ትሠራለህ፤ እኔ ግን መሥራት አልችልም።»

«ለምን እሰጥሃለሁ?»

ዛፏን ቀና ብሎ አየ። «ሄጦዋን እተዋታለሁ። መጥረቢያም መጋዝም አይነካትም። ቃሌ ነው።»

እናታችን ብትኖር ምን ትል ነበር ብዬ አላሰብኩም። ማሰብ አላስፈለገኝም። እጃችንን ዘርግተን ዱዓ አደረግን፤ ሚስቱም አሚን አለች። ቤንዚኑና ዘይቱ እንዴት እንደሚቀላቀል፣ ጥርሱ እንዴት እንደሚሳል፣ አፈሩ በየስንት ጊዜው እንደሚጸዳ አስተማርኩት። «ሲቆም አታስገድደው፣» አልኩት። «ሲቆም ወፍራም ሥር አግኝቷል ማለት ነው። አንሳው።»

«ኤዬ፣» አለኝ። «ገብቶኛል።»

አንድ መሣሪያ ሰጥቼ የእናቴን ዛፍ ያዳንኩ መስሎኝ ወረድኩ። ጎባ እስክደርስ ከሾፌሩ ጋር ስለ ራሴ አወራሁ። ችግኞቹን በማግስቱ ጓሮዬ ተከልኳቸው። ቦታው ጠባብ ስለነበር አቀራርቤ ነው የተከልኳቸው። አንዱም አልጠወለገም። አንድ ማታ ከሮቤ ስመለስ ባለቤቴ ብቻዋን ቆማ ስታያቸው አገኘኋት፤ ስለ ዶማ ያለችውን ዳግመኛ አላነሳችም።

በዚያው ክረምት የችግኝ ተከላ ዘመቻ ቀን መጣ። ሮቤ አስፋልቱ ዳር ሕዝቡ ሁሉ ወጥቷል፤ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ የቢሮው ሠራተኛ። ጋራዤን ዘግቼ ወጣሁ። ከጭነት መኪናዎች ላይ ችግኝ ይወርዳል። በጥቁር ፕላስቲክ የተፈላው የተለመደው ችግኝ ከሲታ ነበር። ከአንዱ መኪና ግን ሌላ ዓይነት ይወርድ ነበር፤ ቁመቱ ያማረ፣ ቅጠሉ የሰፋ፣ ሥሩ በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ፣ ድቡልቡል። ሰዉ እየተሻማ ይወስደዋል። አንዱን አንስቼ ጆንያውን ገለጥ አደረግሁ። የተላጨ ጺም። ሥራዬን የማላውቅ ሰው አይደለሁም።

ሾፌሩን፣ «ይህ ከየት መጣ?» አልኩት።

«ከሪራ መንገድ፣ ከጫካው ዳር ነው የጫንነው። የእርስዎ ወንድም ናቸው የሚያወጡት። ሰው ቀጥረው በሞተር ነው። ቢያዩት ጫካው ውስጥ ድስት በድስት ላይ የተጣደበት ነው የሚመስለው፤ ክብ ክብ ጉድጓድ ብቻ። የመኪናው ሦስተኛ ጉዞ ነው።»

ችግኝ አከፋፋይ ወጣት ባለሙያ አጠገባችን ቆሞ ነበር። አነጋገሩ የዚህ አገር አይደለም፤ ገና መጥቶ ነው። ትሑት ልጅ ነው፣ አልዋሽበትም።

«ልጄ፣» አልኩት፣ «ይህ የብርድ አገር ኮሶ ነው። ከጫካ ጥላ ወጥቶ እዚህ ጥቁር አፈር ላይ፣ አስፋልት ዳር አይኖርም። ደግሞ ጆንያውን ሳይፈቱ እየተከሉት ነው፤ እያቸው።»

«አባቴ፣ እውነትዎን ነው። ግን ቀኑ ዛሬ ነው።»

«ነገስ?»

«ነገማ ሰዉ አይወጣም።»

አንዲት ሴት ከነጆንያው ጉድጓድ ውስጥ አስገብታ፣ አፈር መልሳ፣ በእግሯ እየረገጠች፣ «ቢስሚላህ፣ እደግ፣» አለችው። ምን ልበላት? መረቀችው። አጎንብሼ የደረስኩበትን ያህል ጆንያ እየፈታሁ ሄድኩ፤ መኪናው ግን ከእኔ ጉልበት ይፈጥን ነበር። ሰዎች ፎቶ ሲነሱ አንድ ሽማግሌ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ከኋላ ይታያል ብለው የሚያሳዩኝ አሉ። ያ እኔ ነኝ። መሣሪያውን የሠራው ማን ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ወደ ወንድሜ ወጣሁ። ኮሶዋ አረንጓዴ ሆና ቆማለች። በሥሮቿ መካከል ግን የተውኳቸው ትንንሾች አንድም አልቀሩም፤ ክብ ክብ ጉድጓድ ብቻ፣ ውሃ የቋጠረ።

«እነዚህንም?» አልኩት።

«ችግኝ ፈለጉ፣ ችግኝ ሰጠሁ። መንግሥት ትከሉ እያለ አልተክልም ልበል? አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ?»

«ጫካው የሚተካው በእነዚህ ነበር።»

«ጫካው ትልቅ ነው፣ ኦቦ። ደግሞ ዛፏ ቆማልሃለች። ቃሌን ጠብቄያለሁ።»

ቆማ ነበር። መሣሪያዬን መልስ ብለው ቃሉ ይፈርሳል፤ ዛፏን ያዳንኩበት ያ ቃል ብቻ ነው። መሣሪያውን ትቼለት ወረድኩ። ሥራዬን በሰው እጅ መተው ለእኔ ከባድ ነው፤ የሚያውቀኝ ሰው ያውቀዋል።

በጋ ሲገባ ሮቤ አስፋልት ዳር የተተከሉት ኮሶዎች ደረቁ። ጆንያቸውን የፈታሁላቸው ትንሽ ቆዩ፤ እነሱም ተከተሉ። ከዚያ አንድ ቀን የወንድሜ ሚስት ለገበያ ወርዳ ጋራዤ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ዛፏ ታማለች፣» አለችኝ። «ይምጡና ይዩአት። እኔ ነገርኩዎት እንዳይሉብኝ።»

በማለዳ ሄድኩ። ኮሶ በበጋ ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ አይደለም። የእኛዋ ግን ቅጠሏ ቡናማ ሆኖ ተንጠልጥሏል፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ወንድሜ ገበያ ወርዶ ነበር። ተንበርክኬ አፈሩን በእጄ ጫርኩ። ከግንዱ ጥቂት ራቅ ብሎ ዙሪያዋን የተነቀነቀ አፈር አለ፤ ላዩ ላይ ገለባ ተበትኖበታል። ከአፈሩ በታች ጭኔን የሚያህሉ ሥሮች ተቆርጠዋል። ቁርጡ ሞገድ ሞገድ የሠራ ነው። መጥረቢያ እንዲህ አይቆርጥም፤ መጋዝም እንዲህ አይቆርጥም። እንዲህ የሚቆርጥ በዓለም ላይ አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። በአንደኛው በኩል ቆፍሬ ወደ ሌላኛው ዞርኩ፤ ያው ነው። ዙሪያዋን እንደ ጉሮሮ ቆርጧታል።

መሣሪያውን ጎተራው ውስጥ አገኘሁት። ጥርሱ ተበልቷል፣ ሁለቱ ተሰብረዋል። ችግኝ ብቻ ያወጣ ጥርስ እንዲህ አይበላም። ሲቆም አስገድዶታል ማለት ነው፤ ቀን ከቀን፣ ሥር በሥር።

ወንድሜ ሲመጣ ዛፏ ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁት፤ መሣሪያው ጉልበቴ ላይ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ኦቦ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ቃልህን ንገረኝ።»

«የትኛውን?»

«እዚህ ቁጭ ብለን ዱዓ ያደረግንበትን።»

አላፈረም። ትክ ብሎ አየኝ። «መጥረቢያም መጋዝም አይነካትም ነው ያልኩት። ወላሂ አልነካትም። ሰውነቷ ላይ አንድ ጭረት አሳየኝ።»

«ሥሯስ?»

«ችግኝ ሳወጣ ነክቶ ይሆናል። መሣሪያው የአንተ ነው፣ ሥር መቁረጥ ሥራው ነው።»

«አሁንስ ምን ልታደርግ ነው?»

«የደረቀ ዛፍ መቁረጥ አይከለከልም። የደን ቢሮውም ይፈቅዳል። በራሷ ነው የደረቀችው።»

በእኛ አገር ይህ የታወቀ ብልሃት ነው። እርጥብ ዛፍ መቁረጥ ያስጠይቃል፤ ስለዚህ ሰው ቅርፊቱን ዙሪያውን ይልጥና ዞር ይላል፣ ዛፉ ይሞታል፣ ደረቅ ነው ተብሎ ይወሰዳል። የተላጠ ቅርፊት ግን ይታያል፤ ሽማግሌም ባለሙያም አይቶ ይጠይቃል። ከመሬት በታች መላጥን ከዚያ በፊት ያደረገው አልነበረም፤ መሣሪያው አልነበረማ። መሣሪያውን ያገኘው ከእኔ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው የሚሉኝ አሉ። አይደለም። እኔ የሠራሁት ነገር የተባለውን ሁሉ አድርጓል፤ ሲቆም አንሳው ብያለሁ፤ የሰማ ሰው አንስቶት ነበር።

ሽማግሌ ጠራሁ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ሰሙ፣ ተያዩ። ቃሉ ምን እንደነበር ጠየቁ፤ ሚስቱ አንገቷን ደፍታ እንደነበረው ተናገረች። «መጥረቢያም መጋዝም» ነው የተባለው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ቃሉን አልሰበረም፤ ግን ወንድምነቱን ሰበረ። ለወንድምነት እኛ ዳኛ አይደለንም፣» አለ። እርቅ አሉን። ትከሻ ለትከሻ ተነካካን። መሣሪያዬን ተሸክሜ ወረድኩ፤ ያን ቀን ጥርሶቹን አንድ በአንድ አወለቅሁ። ዛሬም ሰው ሊዋስ ሲመጣ፣ «ጥርስ የለውም፣ እንደ ባለቤቱ፣» እላለሁ፤ ይስቃሉ፣ ይሄዳሉ።

ዛፏ ተቆረጠች። ወንድሜ ከጣውላዋ አግዳሚ ወንበር አሠርቶ በመኪና ላከልኝ። «ድርሻህ ነው ብለዋል፣» አለ ሾፌሩ። ቀይ ነው፣ ያምራል። ጋራዤ በር ላይ አስቀመጥኩት። ኮምባይነር የቆመባቸው ገበሬዎች ይቀመጡበታል። እኔ ቆሜ ነው የማወራቸው።

ጓሮዬ ያሉት ልጆቿ ግን አደጉ። አሁን ትከሻዬን አልፈዋል። ወንዴ ይሁኑ ሴቴ አይታወቅም፤ ኮሶ እስኪያብብ ድረስ አይናገርም፣ እስኪያብብ ደግሞ ብዙ ዓመት ነው። ሁሉም ወንዴ ቢሆኑ የእናታችን ዘር በእነሱ አበቃ ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ስዞራቸው የማስበው ይህን ነው።

ባለፈው በጋ የሰነቴ ነፋስ የወንድሜን ቆርቆሮ ገንጥሎ ገብስ ማሳ ላይ ጣለው። ለዘመናት ያን ነፋስ ስትቀበል የኖረችው ዛፏ ነበረች። ይህን ለሱ የነገረው የለም፤ ቆርቆሮው ሲሄድ ገባው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጎባ ቤቴ መጣ። አርጅቷል። ባለቤቴ ሻይ አቀረበችለት። ብርጭቆውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ፣ ኮሶዎቹን አየ፣ ቅጠላቸውን በጣቱ ነካ።

«የእናታችን ናቸው፣» አለ።

«ናቸው።»

«ኦቦ፣ አንዱን ስጠኝ። በነፋሱ በኩል ልትከለው። አንተው በመሣሪያህ አውጣልኝ።»

«መሣሪያው ጥርስ የለውም።»

«ጥርስ መሥራት አያቅትህም። አንተን የሚያቅትህ ነገር የለም።»

ይህን ያለው ያን ቀን ማሻአላህ ባለበት ድምፅ ነው። ጥሩ ድምፅ ነው፤ ሰው ይሸነፍለታል። እውነት ነው፣ አያቅተኝም። ግን አቀራርቤ ስለተከልኳቸው ሥሮቻቸው ተጠላልፈዋል፤ አንዱን ለማውጣት የሁሉንም ሥር መቁረጥ ይጠይቃል። ይህንኑ ነገርኩት። ውሸት አልጨመርኩበትም፤ መጨመርም አላስፈለገኝም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ያብቡ። ሴቴ ካለችባቸው ዘር ትጥላለች። ያን ጊዜ ና፣ ዘሩን በእጅህ ለቅመህ ውሰድ። በእጅህ ብቻ።»

«ያኔ እኔና አንተ የት አለን?»

«እትብታችን ያለበት፣» አልኩት።

ሻዩን ሳይጨርስ ብርጭቆውን ኮሶዎቹ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። በሩ ድረስ ሸኘሁት፤ ታናሽ ወንድም ነውና ይሸኛል። ከዚያ ተመልሼ የጓሮውን በር በሰንሰለት ዘጋሁ። ሰንሰለቱ የኮምባይነር ነው።